የአናጢው ሳል

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችበትን ቦታ አይቶ ያልሳቀ ደንበኛ የለም። ክፍሏ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት፤ እሱም ከበሩ ትይዩ ነው። ጤነኛ ልብስ ሰፊ መኪናውን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ብርሃኑን በፊቱ ተቀብሎ ይሰፋል። እሷ ግን ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሩ ላይ አፍጥጣ ነው የምትሰፋው። የገዛ ጥላዋ መርፌው ላይ ስለሚወድቅ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ታበራለች። "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ጠላሽው እንዴ?" ሲሏት "ለምጄው ነው" ትላለች።

ውሸቷን ነው፤ አልለመደችውም። የቀድሞ ባሏ ሲመታት ከኋላ ነበር። ሰክሮ እየጮኸ የሚመጣ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ሰው ይሸሻል፣ ይደበቃል። እሱ ግን ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ነበር የሚገባው። ድስት ስታማስል፣ ልብስ ስታጥፍ፣ ድንገት ማጅራቷ ላይ! ከዚያ ቤት የወጣችው በአንድ ሻንጣና በተሰበረ ክንድ ነው። ክንዱ በሁለት ወር ዳነ። ፍርሃቱ ግን ጀርባዋ ላይ እንደተቀመጠ ሦስት ዓመት ሆነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እሷማ ልጥም አያስፈልጋት፤ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይበቃታል።

ክፍሉን የሰጧት አክስቷ ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ እህት። ግቢው የሳቸው ነው፣ የሰፈሩም ወሬ የሳቸው ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እውነት ነው" ይሏታል። "ግን አንቺ እየጠረጠርሽ ዓይንሽ ሊመነጠር ነው እኮ፣ የኔ ልጅ!"

አንድ ቀን ከግድግዳዋ ማዶ ያለውን ክፍል አንድ አናጢ ተከራየው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ከፀጉሩ ሰጋቱራ የማይጠፋ፣ አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወንደላጤ ነው። በገባ በሳምንቱ ኪሱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። የጫማው ሶል ጎማ ስለሆነ ኮቴው አይሰማም፤ እሷ ደግሞ ወለል ላይ የፈሰሰ መርፌ አጎንብሳ ትለቅም ነበር። ቀና ስትል ሰው ቆሟል። ጮኸች፤ መቀሷንም እንደ ጩቤ ጨብጣ ተነሳች።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቅ ነበር፣ ወይ "ምን ሆነሽ ነው?" እያለ ያደርቃት ነበር። አናጢው ሁለት እጁን አሳያት፣ ወደ ኋላው ተራመደ፣ ሱሪውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠ። "ኪሱ ነው የተቀደደው፤ አይቸኩልም" ብሎ ሄደ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሰውየው ማሳል ጀመረ። ወደ ክፍሏ ሲመጣ ገና ከደጅ "እህ! እህ፣ እህ!" ነው። ሰፈሩ ወዲያው "ጉንፋኔ" የሚል ስም አወጣለት። አክስቷ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በማር እየቀጠቀጡ ጠዋት ጠዋት ይልኩለት ጀመር። "ሳንባው ነው፤ ይህ ሰው ዓመቱን አይጨርስም" አሉ። ጨረሰ። ነጭ ሽንኩርቱንም ሳያስተርፍ ጨረሰው።

አንድ ከሰዓት የወንበሯ እግር ተሰበረና ይዛለት ሄደች። መጋዙ ይጮኻል፣ ሰጋቱራው ክፍሉን ጉም አስመስሎታል፣ እሱ አላያትም። ቆማ ጠበቀች። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። እሷ አፏን በነጠላ ሸፍና ልትታፈን ደርሳ፣ ሰውየው አንዴ እንኳ አላሳለም! ወንበሩን ሠርቶ ሊያደርስላት ሲመጣ ግን፣ ያው ደጇ ላይ፣ "እህ! እህ፣ እህ!"

ያኔ ገባት፤ ሳሉ እሷ እንዳትደነግጥ መምጣቱን ማሳወቂያ ነው።

"እርስዎ፣ አያምዎትም አይደል?" አለችው።

ጆሮው ድረስ ቀላ። "አያመኝም።"

"ታዲያ የእትዬን ነጭ ሽንኩርት ዓመት ሙሉ ለምን በሉት?"

"ምን ላድርግ? ከልባቸው ነው የሚልኩልኝ።"

ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወዲያ "እርስዎ" ቀረና "አንተ" ሆነ፤ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። በአንደኛው ምሽት እንዲህ አላት፦ "ላገባሽ እፈልጋለሁ። አሁኑኑ መልሺልኝ አልልሽም።"

"እወድሃለሁ" አለችው፤ ሳታቅማማ። "ግን አንድ ቤት ውስጥ ከኋላዬ ሰው እየተራመደ መኖር እችል እንደሆነ አላውቅም። ካልቻልኩ ሁለታችንንም ነው የማቃጥለው።"

"እስክታውቂው እጠብቃለሁ" አለ።

እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው ነው እንግዲህ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጉድ የሠራው። እሷ ክር ልትገዛ ስትወጣ ትርፉን ቁልፍ ከአክስቷ ተቀበለና ክፍሏን ከፈተ። መኪናዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረ። ከመስኮቱ ጎን በገዛ እጁ ክፈፍ የሠራለትን መስታወት ሰቀለ። ከዚያ ቆልፎ ወጣ። ሊያስደስታት ነዋ!

ተመልሳ በሩን ስትከፍት መኪናዋ ቦታው ላይ የለም። መስታወት አላየች፣ ምን አላየች፤ ያየችው ሰው መግባቱን ብቻ ነው። ክሩን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። አክስቷ ያገኟት ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ነው። "እኔ ነኝ ቁልፉን የሰጠሁት! እጄን ይቁረጠው!" እያሉ አቅፈው አመጧት።

አናጢው ደጅ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዓመት ሙሉ እያሳልክ" አለችው፣ "ዓመት ሙሉ በሬ ላይ እያሳልክ፣ በሌለሁበት ቤቴን ትከፍታለህ?"

"አጥፍቻለሁ" አለ። ለደግ ብዬ ነው አላለም፤ አክስትሽ ናቸው አላለም። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። "ከዚህ ሌላ ቁልፍ የለም። መኪናሽን ልመልሰው?"

"መልሰው።"

መለሰው። ወለሉ ላይ የነበረውን የመኪናውን እግር ምልክት ፈልጎ፣ ልክ እዚያው ላይ አሳረፈው። መስታወቱን አወረደ፣ የምስማሩን ቀዳዳ ደፈነ፣ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በደጇ ሲያልፍ ያስላል እንጂ አይገባም።

"ጅል ነው፣ ጅል!" አሉ አክስቷ በሳምንቱ፣ መቻል አቅቷቸው። "መስታወቱ ለጌጥ መሰለሽ? ወደ ብርሃኑ ዞረሽ እየሰፋሽ በሩን ከኋላሽ እንድታዪ ነው እንጂ፤ እንደ ሾፌር! ክፈፉን ሦስት ጊዜ ነው አፍርሶ የሠራው።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተናዳለች፣ ናፍቃዋለች፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ። እጇ ላይ ደግሞ ጥቁር ካፖርት አለ፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ። ጥላዋ እየጋረዳት አንደኛውን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ፈታችው። ደግማ ገልብጣ ሰፋችው። በዚህ ጊዜ መቀሱን አስቀመጠችና አለቀሰች። ያ የቀድሞ ባሏ በሌለበት፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዛሬም ብርሃኗን የሚጋርዳት እሱ ነው። "ኤዲያ!" አለች፤ ተነሳችና መኪናዋን ገፋችው። ከባድ ነው፤ ወለሉን እየቧጠጠ ሄደ። ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

አሥር ስፌት ሰፋች፤ ዞረች። ማንም የለም። አሥር ሰፋች፤ ዞረች። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። ሆኖም ክሩ ታያት፤ ጥርት ብሎ ታያት። በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን ደበደበችው።

"መስታወቱን አምጣው!"

ከግድግዳው ማዶ መጋዙ ቀጥ አለ። ወዲያው ደጇ ላይ፣ "እህ! እህ፣ እህ!"

"የት ላድርገው?" አላት።

"ከፍ አድርገው። አይ፣ ዝቅ። ወደ ግራ አዘንብለው… ተው፣ በዛ… እንደሱ። በቃ።" እሷ እንዳስዘነበለችው መስታወቱ ከበሩም አልፎ የውጭውን ግድግዳ ጥግ ያሳያል።

ካፖርቱ ሊያልቅ አንድ ጎን ብቻ የቀረው ዕለት ነው። መኪናዋን እየረገጠች ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ አናጢውን አየችው። ግድግዳው ጥግ፣ ከበሩ ወዲያ ቆሟል። የሚያሳልበትን ጡጫ አፉ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። ምን ይጠብቃል? እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ መኪናው ዝም አለ፤ አናጢው ትንፋሽ ሳበ። መልሳ ረገጠች፤ ትንፋሹን ዋጠው፣ ጠበቀ። አቆመች፤ ሳበ። ረገጠች፤ ዋጠ።

መርፌው ነው! ደንግጣ ጣቷን እንዳትወጋ፣ መርፌው እስኪቆም ነው የሚጠብቀው። ሁሌም እዚያች ጥግ፣ እሷ ሳታየው፣ በዝናብም በፀሐይም እንዲህ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

እንባዋ ካፖርቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ ጥቁር ስለሆነ አላስታወቀም።

"ግባ" አለችው ሳትዞር። "ከዛሬ ጀምሮ አታስል።"

"ጉንፋን ቢይዘኝስ?"

"እትዬ አሉልህ።"

ገባ። የጎማ ሶሉ አልተሰማም፤ ትኩስ የተላገ እንጨት ሽታ ግን ትከሻዋ ድረስ መጣ። መስታወቱ እዚያው ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም፣ መርገጧንም አላቋረጠች።

"ያ የጠየቅከኝ ነገር" አለች።

"እ?"

"መልሱ እሺ ነው።"

አናጢው ትን አለውና የእውነት አሳለ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ የበሩን መቃን ይዞ አሳለ።

"ይሄ ሰው ዛሬም አልተሻለውም!" ሲሉ አክስቷ ከግቢው ተሰሙ። "ማር ላምጣ እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ የካፖርቱን የመጨረሻ ጎን ጨርሳ ሰፋች።