ከአርባ አንድ ጎን ያለችው መሰላል

መርየም ፊደል መቁጠር የጀመረችው ልጇ ሙንዚር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወደቀበት ዓመት ነው። ሰፈርተኛው «ልጅ አስተምራ ስታበቃ ራሷ አንደኛ ክፍል ገባች» እያለ ሳቀባት። እሷ ግን የራሷ ምክንያት ነበራት። ውጤቱ በስልክ የመጣ ቀን ሙንዚር ስልኩን አየና ዝም አለ። እሷም ተቀብላው አየችና ዝም አለች። እሱ ዝም ያለው ስላነበበ ነበር፤ እሷ ደግሞ ማንበብ ስላልቻለች። ልጁ ጓዳ ገብቶ ሲተኛ «ደክሞት ነው» አለችና ቀኑን ሙሉ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ዋለች። መውደቁን የነገረቻት ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ጎረቤት ናት።

ያ «አልሐምዱሊላህ» እስካሁን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቷል።

ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በኋላ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ እያለች ወደ መምህርት አረጋሽ የጎልማሶች ክፍል ትሄዳለች። ቁጥሩ ቶሎ ገባት፤ ለነጋዴ ምኑም አይደለም። ፊደሉ ነው ያስቸገራት። አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ከእንግሊዝኛው ደግሞ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስልኳ ላይ ያለውን የልጇን ስም። ሙንዚር ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል መዝግቦላት ስለነበር ቅርጹን ለምዳዋለች። ሲደወል ገና ከሩቅ ትለየዋለች።

ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። በመንገድ በኩል ያለችው ክፍል ድሮ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነበረች፤ አሁን ጌም ቤት ሆናለች። ጅዳ የሚኖረው የሙንዚር አጎት አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሲልክ ውስጡ አንድ ሲዲ ተረስቶ መጣ፤ ቤዝቦል የሚባል የአሜሪካኖች ጨዋታ። ደንበኛው ሁሉ እግር ኳስ ሲጫወት ሙንዚርና ሦስት ጓደኞቹ፣ ወንድምአገኘሁ፣ ሚስባህና የሱፍ፣ በዚያች ሲዲ ተለከፉ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታ ይሮጣል።

«እንደ ገና ጨዋታ ማለት ነው፣ እትዬ መርየም» አላት አንድ ቀን ወንድምአገኘሁ።

«የገናው ዱላ ቆልማማ ነው። ይሄ የፖሊስ ነው የሚመስለው» አለችው።

ጨዋታው ውስጥ በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ይመለመላሉ። አራቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ቡድን አላቸውና ምልምሎቹን ይከፋፈሏቸዋል። የፈረንጅ ስማቸውን አጥፍተው የራሳቸውንና የሰፈሩን ልጆች ስም ይጽፉባቸዋል። ከዚያ ማሽኑ የሰጠውን ነጥብ ሰውየውን በሚያውቁት ልክ ያስተካክሉታል፤ ሯጩን ይጨምሩለታል፣ ሰነፉን ይቀንሱበታል። እዚህ ላይ ታዲያ ሕግ አላቸው። ሽማግሌ ለዳኝነት እንደሚቀመጠው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ስሙ የተጠራው ልጅ ከመካከላቸው ከሆነ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀሩት ይመዝኑታል። ራሱን የሚመዝን የለም። ራሱን የመዘነ ሰው ከተገኘ ጨዋታው ፈረሰ።

መርየም ይህን ጌም ቤቱን ከጓዳ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። ደስ የማይላት ልጇ ከዚያች ክፍል አለመውጣቱ ነው።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የክር ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠልጣኞችን በፈተና ይቀበላል። ባለፈው ዙር ሙንዚር ሸሚዙን ተኩሶ በጠዋት ወጣ፤ ሳይረፍድ ተመለሰና «ሞልቷል አሉ» አለ። በማግስቱ አንድ የሚኒባስ ረዳት ቲማቲም ሲገዛት «ልጅሽን ምን ነካው?» አላት። «ኮምቦልቻ ሳንገባ፣ ገና ሐረጎ ላይ አውርዱኝ ብሎ ወረደ እኮ። ቁልቁለቱን ፈርቶ ነው?»

መርየም ቃሉን ዋጠችው። ለልጇም አልነገረችው፣ ለማንም አልነገረች። አሁን ፋብሪካው እንደገና ሊፈትን ነው፤ ሰኞ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። የመዘነችውን ሽንኩርት መልሳ ትመዝናለች። ወጥ ጥዳ በር ላይ ትቆማለች፤ በር ላይ ቆማ ወጡ ትዝ ይላታል። «ሰኞ ትሄዳለህ?» ልትለው አፏን ትከፍትና «ምሳ ላቅርብልህ?» ትለዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሙንዚር ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ጌም ቤቱን ልትጠርግ ገባች። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው፤ የምልምሎቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ዓይኗ እንደ ገበያ ሰው ሲዞር ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የልጇ ስም። ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አመሳከረች፤ እሱው ነው። ከጎኑ ቁጥር አለ። አርባ አንድ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ በልጇ ስም ውስጥ የሌለች አንዲት ፊደል ነበረች፤ የቀለም ቀቢ መሰላል ትመስላለች። አላወቀቻትምና አለፈቻት። የታያት አርባ አንዱ ብቻ ነው። ከሃምሳ በታች ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዓመት ልጅ ያስፈተነ አገር ሁሉ ያውቀዋል።

«አዑዙ ቢላህ! እዚህም ጣሉት?» አለች ለብቻዋ።

ማን እንደጻፈው አላወቀችም። ማንም ይጻፈው፣ በደህና ልጅ ስም ላይ መውደቅ ተጽፎበት ሰኞ ፈተና ሊገባ ነው። ሟርት እኮ ነው። በአፍ ያሉት እንኳ ይደርሳል፤ የተጻፈ ሲሆንማ!

ጆይስቲኩን አነሳች። ሙንዚር ነጥብ ሲያስተካክል ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እሱ ውጭ ሲሆን ጨዋታ እንድታስቆምም አስተምሯት ነበር። «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ላይ የምታሳየዋን ቁልፍ ተጫነች። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ሃምሳ ላይ ልታቆም ነበር፤ እጇ እምቢ አለ። ሃምሳ ለሰው ልጅ ይበቃ ይሆናል፤ ለእሷ ልጅ አነሰባት። ስልሳን አለፈች፣ ሰማንያን አለፈች። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቁጥሩ ራሱ አልንቀሳቀስም አለ። የምታጸድቀዋን የኤክስ ቁልፍ ተጫነችና መጥረጊያዋን ይዛ እንደ ሌባ ወጣች።

እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ አራቱ ተሰበሰቡ። መርየም ከመጋረጃው ወዲህ ሆና የተበላሸ ሽንኩርት ትለቅማለች። መጀመሪያ ሳቅ ሰማች፤ ቆይቶ ሳቁ ቀነሰ።

«አሁንም ከሜዳ ወጣ!» አለ ሚስባህ። እሱ የሚወረውረውን ሁሉ ምልምሉ ሙንዚር እየመታ ያበርበታል። «ይሄ ልጅ ባለፈው ዱላ መያዝ አያውቅም ነበር እኮ!»

«የእኔ ቡድን ሲገባ ነቃላ» አለ የሱፍ። ምልምሉ የደረሰው ለእሱ ነበርና።

ሚስባህ ነጥቡን ከፈተው።

«ዘጠና ዘጠኝ? ሙንዚር፣ ራስህን መዘንክ?»

«ወላሂ አልነካሁትም።»

«ማሽኑ የሚያድረው አንተ ቤት ነው።»

«ወላሂ አልኩህ እኮ!»

«ተው፣ በከንቱ አትማል። አርባ አንድ ስላልንህ ከከፋህ ፊት ለፊት አትነግረንም? ወይስ ጂን ነካው እንበል?»

«ጂንስ ይሉኝታ አለው፤ ዘጠና ላይ ያቆም ነበር» አለ ወንድምአገኘሁ። የሳቀለት የለም።

«እኔ በቃኝ» አለ ሚስባህ። ወንበሩ ሲንኳኳ ተሰማ። «ሰው ራሱን በሚመዝንበት ቤት አልጫወትም።»

መርየም ሽንኩርቱን ትታ ተነሳች። የልጇ ወላሂ ሜዳ ላይ ወድቆ የሚያነሳው ጠፋ። ብትገባ መሳቂያ ልትሆን ነው። ባትገባ ደግሞ ልጇ ከዚህ ዓለም የቀሩትን እነዚህን ሦስት ሰዎች ሊያጣ ነው። መጋረጃውን ገለጠችው።

«ልጆች፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነዎት እትዬ?» አለ የሱፍ።

«የነካሁት። ቁጥሩን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱ የለበትም፤ የማለው እውነቱን ነው።»

ወንድምአገኘሁ «እትዬ መርየም ጆይስቲክ ይዘው!» ብሎ ሲፈነዳ ሌሎቹም ተከተሉት። የቆመው ሚስባህ ሳይቀር ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ሙንዚር ብቻ አልሳቀም።

«ለምን?» አላት።

«ከሃምሳ በታች ነበርካ።»

«እና?»

«እናማ ወድቀህ አየሁህ። ሰኞ ፈተና አለብህ። ወድቀህ እንዴት ትሄዳለህ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አንቺም እንደ ሰዉ ወድቋል ብለሽ ነው? ሰርቀሽ ልታሳልፊኝ ነው የፈለግሽው፣ እማ?»

ሚስባህ ለመርየም አዘነላትና ክንዷን ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋት።

«ይዩት እትዬ። አርባ አንዱ ዛሬ ያለበት ነው። ምልምል ሁሉ እዚያ አካባቢ ነው የሚነሳው፤ እኔ ራሴ ሠላሳ ስምንት ነኝ። ይቺ መሰላል የምትመስል ኤ ደግሞ ወደፊት የሚደርስበት ናት። ከእሷ በላይ የለም። ከአራታችን እሷን የሰጠነው ለሙንዚር ብቻ ነው። ያውም ተጨቃጭቀን፤ ወንድምአገኘሁ ለራሱ ፈልጓት ነበር።»

«አሁንም እፈልጋታለሁ» አለ ወንድምአገኘሁ።

«እርስዎ ዘጠና ዘጠኝ ሲያደርጉት እንግዲህ መሰላል ምን ያደርግለታል? ጣሪያ ላይ ሰቀሉት እኮ።»

መርየም ያለፈቻትን ፊደል ትክ ብላ አየቻት። እነዚህ ልጆች ተቀምጠው፣ ልጇን ውጭ አቁመው፣ ይህን ሰጡት። እሷ ደግሞ ያነበበችው ግማሹን ነው።

«በቃ ወደ አርባ አንድ ይመለስ» አለ የሱፍ።

«አይሆንም» አለ ወንድምአገኘሁ፤ «የፈረሰ እንደ አዲስ ይመዘናል። ያፈረሱትም እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይጀምሩ። ሙንዚር፣ ውጣ።»

ሙንዚር አልወጣም። በሩን ተደግፎ ቆመ። «ዛሬ እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።»

መርየምን መሀል አስቀመጧት። «እጁን፣ ዓይኑን፣ እግሩን ለየብቻ ነው የምንመዝነው። እጁ ስንት ይሁን?» ተባለች።

«ሰማንያ። የሰፈሩን ሶኬትና ምድጃ ሁሉ የሚጠግነው ማን ሆነና?»

«ኧረ በዛ! ሃምሳ።»

«ሃምሳ ከሰጠኋችሁ አልከሰርኩም? ሰባ ውሰዱት።»

«የመጨረሻ ስልሳ» አለ የሱፍ፤ ተስማሙ።

«ዓይኑስ?»

«ዓይኑ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ነው አልገለጥ የሚለው።» ሳቁ። ሙንዚርም ሳያስበው አፉን በእጁ ከለለ።

«እግሩ?»

ሳቁ አሙቋት ነበር፤ እንዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ እውነት ስታወራ ደስ ብሏት ነበር። «እግሩማ ሠላሳም አይሞላ!» አለች። «ሐረጎ ላይ ወርዶ የተመለሰ እግር!»

ማንም አልሳቀም። ሦስቱም ወደ ሙንዚር ዞሩ።

«ሞልቷል አሉኝ አላልከንም?» አለ የሱፍ።

ሙንዚር የሚያየው እናቱን ነበር። «ታውቂ ነበር?»

«ረዳቱ ነገረኝ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልህ የኔ ጌታ?»

በሩን ለቆ ወጣ። ልትከተለው ብድግ አለች፤ ሚስባህ «ይተዉት እትዬ፣ አብሽሩ» አላት። ምዘናው ሳያልቅ ቀረ። ልጆቹ ቁጥሩን ለጊዜው አርባ አንድ ላይ መለሱት፤ መሰላሏን የነካ የለም። ከዚያ ዓይኗን ሳያዩ አንድ በአንድ ተሰናብተዋት ሄዱ።

ሙንዚር ለመግሪብ መጣ፣ በላና ተኛ። መርየም ሸሚዙን ልትተኩስለት አነሳችና እንደ ግፊት እንዳይቆጥርባት መልሳ ሰቀለችው። የተናገረችውን እያሰበች ተገላበጠች። አንዴ ሳታውቅ አመስግና በደለችው፤ አሁን ደግሞ አውቃ ተናግራ።

ሰኞ ለፈጅር ስትነሳ አልጋው ባዶ ነው። ሸሚዙ የለም። ካውያውን ዳሰሰችው፤ ለብ ይላል። ይህ ግን ምንም አላሳረፋትም። ያን ጊዜም ተኩሶ ነው የወጣ።

ሽንኩርቷን ዘረጋች። ከቁልቁለቱ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ታያለች። ስልኩን ታነሳለች፤ «ብደውልለት የተቆጣጠርኩት ይመስለዋል» ትልና ትመልሰዋለች። ደግሞ ታነሳለች። እንዲህ ስትል በእጇ ላይ እንዳለ ጮኸ። ያ የምታውቀው ቃል።

«እማ።» ከጀርባው ሞተር ያጓራል፤ ረዳት ይጮኻል።

«የት ነህ?»

«ሐረጎ።»

ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ወረድክ?»

«አልወረድኩም። እያለፍኩት ነው። ከሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው የደወልኩ።»

«አልሐም…» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። ያን ጊዜ ቸኩላ ነበር።

«ሰማሽ እማ? ጌሙን እንዳትነኪ።»

«ምን በወጣኝ!»

«ፈተናው ከገባሁ፣ ባልፍም ባላልፍም፣ እግሩን ሃምሳ አድርጉለት በያቸው።»

«ሃምሳ በዛ» አለች። «አርባ አምስት።»

ሲስቅ ሰማችው፤ ወዲያው ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ስሙ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየና እሱም ጠፋ። ገና ኮምቦልቻ መድረስ አለ፤ ገና የፋብሪካው በር አለ፤ ገና ወረቀቱ አለ። መርየም ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች። አንዲት ሴት መጥታ «አንድ ኪሎ» አለቻት። መዘነችላት። ሴትዮዋ «ኧረ አበዛሽው» ብትላትም አልሰማቻትም፤ ስልኩን ታይ ነበር።