ሰላምታው የበዛ ጥያቄ

ቤዛዊት ሕጉን ያወጣችው ወዳ አልነበረም። ጦርነቱ ወልድያን ለቆ ሲወጣ ከምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነበር። እጇን አጣጥፋ ከምትቀመጥ ብላ በቴሌግራም የከብት ጤና መጠየቂያ ግሩፕ ከፈተች። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከየገጠሩ ሰው ጎረፈ። ታዲያ አንዱ “አልበላ አለች ምን ላድርግ” ብሎ ብቻ ይጽፋል። ማን ናት አልበላ ያለችው? ፍየል መስላት የመለሰችለት ጉዳይ በቅሎ ሆኖ ተገኘ፤ በቅሎይቱ ለጥቂት ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። የከብቱ ዓይነት፣ ሕመሙ፣ የጀመረበት ጊዜ፣ በአጭሩ። ያልተስተካከለ ይሰረዛል። ሕጉ ክፉ አልነበረም። ግን ሹመት ይጥም የለ? ቤዛዊትም መሰረዝ ጣማት። አሳምሮ የተጻፈ የዶሮ ቀለብ ጥያቄ ሰፊ መልስ ሲያገኝ፣ የተንጋደደው ሳይነበብ ይጠፋ ጀመር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት፣ ከመርሳ ወጣ ብለው ከሚኖሩት ከሼህ አብዱልሐሊም መልእክት መጣ። “አሰላሙ ዐለይኩም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ከረማችሁ ከዚያ መከራ ማን ወጣ ማን ቀረ አላህ የሞቱትን ይማር የጠፉትን ይመልስ ሐኪሟ ልጄ አንቺስ ቤተሰብሽ ደኅና ነው ወይ…” ቤዛዊት እስከዚህ አነበበች። “ለቅሶ ቤት መሰላቸው እንዴ?” አለችና ሰረዘችው።

ሻይዋን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የግሩፑ አባል ሚስባህ ነው፣ የመርሳው ባለሱቅ።

“የሼህን ጥያቄ ለምን አጠፋሽው?”

“ጥያቄው የት አለና? ሰላምታ ብቻ ነው።”

“ከሰላምታው በታች አለልሽ። ላሚቱ ግራ ጎኗ ተወጥሮ መተንፈስ አቅቷታል። ሌሎቹ ከብቶቻቸው በጦርነቱ አልቀዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው።”

“ታዲያ ከእሷ አይጀምሩም?”

“ሰው ሳይጠይቁ ስለ ላም? በዚህ ዘመን? ነውር አይደለም እንዴ፣ ቤዛዊት።”

አፈረች። ከማፈሯ በላይ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ የሆድ መነፋት ላም ለመግደል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ቁጥራቸውን ተቀብላ ደወለች።

“አባባ፣ ሐኪሟ ነኝ። ላሚቱ ቆማለች?”

“ደኅና አደርሽ ልጄ? ቤተሰብ…”

“ይቅርታ አባባ፣ እሱን ኋላ ይጠይቁኛል። ቆማለች?”

“ቆማለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሌሊት አምልጣ ለምለም ሣር ገብታ ነው ያደረችው።”

“የምግብ ዘይት ያስፈልጋል።”

“ዘይትማ ከየት ይምጣ ልጄ?”

ዘይቱን ሚስባህ ከሱቁ አንስቶ በባጃጅ አደረሰ። ቤዛዊት በስልክ እየመራች፣ ትን እንዳይላት ቀስ አድርገው በጠርሙስ አጠጧት፤ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙረው ጎኗን አሹ። ቤዛዊት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። በመጨረሻ ረጅም ግሳት ሰማች።

“ጎኗ ጎደለ፣” አሉ ሼህ። “አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።”

ቤዛዊት ሚስባህ ሳይሰረዝ በስልኩ ቀድቶ ያቆየውን የሼህን መልእክት አስልካ፣ ከነሰላምታው መልሳ ለጠፈችው። ከሥሩ ሕመሙንና መድኃኒቱን በሁለት መስመር ጻፈች። ሕጉንም አሻሻለች፦ በአጭሩ መጻፍ ለከብታችሁ ይበጃል፤ ያልገባንን ግን እንጠይቃለን እንጂ አንሰርዝም።

ስለ ላሚቱ ማንም ምንም አላለም። ሹፌሩ ተፈራ “ሼህ፣ እኛ ደኅና ነን፤ የተቃጠለው ቤታችን ነው” አለ። የሲሪንቃዋ አሰለፈች ልጇ መመለሱን ጻፈች። ሌላውም ሌላውም ተከተለ። ቤዛዊት ከሽሽት ወደ ወልድያ ከተመለሰች ወዲህ ሁሉም መድኃኒት ሲጠይቃት ስለ ራሷ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብዙ ካመነታች በኋላ “እናቴ ተርፋለች፤ ወንድሜ ናሆም እስካሁን ወሬው አልተሰማም” ብላ ላከች።

“መልኩን ጻፊልን፣” አሉ ሼህ። “በየገበያው እንጠይቃለን።”

ጻፈች። ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ መንገድ ላይ የተለያዩበትን ቀን እያምታታች፣ እያለቀሰች ጻፈች። ሚስባህ መናኸሪያው ላሉት ረዳቶች እነግራለሁ አለ። አሰለፈች ግን አንድ ነገር አልገባትም ነበርና ጠየቀች።

“ጠባሳው በየትኛው ጉንጩ ነው?”

“በቀኙ፣” አለች ቤዛዊት።