ፋኖሱን የመለሱ ሌቦች

ስለ መጀመሪያው ስርቆት ያላወራ የለም። ከወንዝ ዳሩ ቤት ዘይት የማይጠጣ ፋኖስ ተሰረቀ ተብሎ ከተማው ጉድ አለ። ሌቦቹ ሰባት ናቸው ያለ ነበር፤ ክንፍ አላቸው ያለም አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር አራት ነበሩ፤ ክንፍም አልነበራቸውም፤ እንዲያውም አንደኛው ወገቡን ያመው ነበር። ስለ ሁለተኛው ስርቆት ግን እስከ ዛሬ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ወገቡን የሚያመው ግንበኛው ነበር። ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት ሚጡ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ ትታለት ሄደች። ግንበኛው የወንዝ ዳሩን ቤት አጥር ሲጠግን አንድ ወሬ ሰማ። በአዳራሹ በር ላይ የሚንጠለጠለው ፋኖስ በበራበት ዓይነ ስውርም ያያል ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በመጨረሻ ለታናሽ እህቱ ነገራት። እህቱ ቁልፍ ሠሪ ናት፤ ሰፈሩ እትዬ ቁልፍ ይላታል። እሷ ለባሏ ለአናጺው ነገረችው፤ አናጺው ደግሞ አብሮ አደጉ ለሆነው ለቆርቆሮ መቺው ለጦጣው። ጦጣው ስሙን ያገኘው ጣሪያ ላይ ሲሄድ ሜዳ ላይ የሚንሸራሸር ስለሚመስል ነው።

ቤቱ ባለቤት የለውም። ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ቤት ነው፤ ሌሊት ነቅቶ ያድራል፣ እኩለ ቀን ላይ ያሸልባል። ስለዚህ ቀን በጠራራ ፀሐይ ገቡና ፋኖሱን አወረዱ። ያላወቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ቤት አንድ ነገር ከወጣ በምትኩ አንድ ነገር ይቀራል። ሲወጡ በሩ መዘጋት ጀመረ። አናጺው ከኋላ ነበርና በትከሻው ደግፎ ያዘው። ግንበኛው ፋኖሱን አቅፎ ወጣ፣ ጦጣው ወጣ። እትዬ ቁልፍ አልወጣም ብላ እጁን ስትጎትት በመዳፉ ደረቷን ገፍቶ አስወጣት።

«ሂጂ! እመጣለሁ!» አላት።

በሩ ተዘጋ። ያ በር ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ለማንም አልተከፈተም።

በዚያው ምሽት ሚጡ የአባቷን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። «አፍንጫህ ትልቅ ነው» አለችው። ግንበኛው እየሳቀ አለቀሰ። እህቱ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በሩ ባሏን እንዲለቅ ፋኖሱን መመለስ እንደሚበቃ እትዬ ቁልፍ ገብቷታል። ለወንድሟ መጀመሪያ በልመና፣ ኋላም በጩኸት ነግራዋለች። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ልጄን በገዛ እጄ ላሳውራት?» ውሎ አድሮ መነጋገር ተዉ። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ ግን በር ላይ ሲገናኙ እሱ ሰማይ ያያል፣ እሷ መሬት ታያለች። ለሚጡ አጎትሽ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል ተብሏታል።

ነገሩን ያወጣው ጦጣው ነው። የግንበኛውን ጣሪያ ሲጠግን ሚጡ ከታች ምስማር እያቀበለችው፣ «ጋሽ ጦጣ፣ አክስቴና አባዬ በምን ተጣሉ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ውሸት አይሆንለትም። አፉ ላይ ምስማር ይዞ ስለነበር ዝም ማለት ይችል ነበር። ምስማሩን ተፍቶ ነገራት።

በማግስቱ ሚጡ ፋኖሱን አንጠልጥላ አክስቷ ሱቅ ገባች። እትዬ ቁልፍ የተሰበረ ቁልፍ ከመቆለፊያ ውስጥ በመንጠቂያ እያወጣች ነበር።

«አክስቴ፣ ያንን በር ትከፍቺዋለሽ አይደል?»

«የቱን በር?»

«ታውቂዋለሽ። አትደብቂኝ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ።»

እትዬ ቁልፍ መንጠቂያውን አስቀመጠች። «አይሆንም ልጄ» አለች። «ሂጂ ወደ ቤትሽ፤ አባትሽ ይሰማል።» አፏ እንዲህ ይበል እንጂ እጇ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የመሣሪያ ሳጥን መሳብ ጀምሮ ነበር። ሚጡም አይታታለች። አክስቷ አፍራ እጇን ሰበሰበች።

ወዲያው ግንበኛው በሩን በርግዶ ገባ፤ ሲሮጥ መጥቶ ላብ በላብ ሆኗል። ከኋላው ጦጣው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«አንቺ ነሽ ያስጠናሻት?» አለ በእህቱ ላይ ጣቱን ቀስሮ።

«አባዬ፣ ማንም አላስጠናኝም» አለች ሚጡ። «ዘጠኝ ዓመት አየሁ። ወንዙን አየሁ፣ አንተን አየሁ፣ ከፍየሏ ጋር የተጣላውን ውሻ አየሁ። ያ ሰውዬ ለእኔ ዓይን ሲል በር ተዘግቶበታል። አሁን ይህ ብርሃን ዓይኔን እየወጋኝ ነው፤ ይገባሃል? እያየሁበት አፍራለሁ።»

ግንበኛው በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ፣ «በወንዝ ዳሩ ቤት አጥር በስተ ምዕራብ፣ ሲሚንቶ ያላስነካሁት ድንጋይ አለ» አለ፤ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ድምፅ ሆኖ። «ሲነቀል አንድ ሰው ያሳልፋል።»

«ካልወፈረ» አለ ጦጣው ሆዱን እየዳበሰ። ማንም አልሳቀም፤ ግን ሁሉም ለቀልዱ ሳያመሰግኑት አልቀሩም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ድንጋዩን ነቀሉት። ጦጣው ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከቆርቆሮው ኮሽታ ሳያሰማ ወደ ጓሮው ወረደና የዋናውን በር መወርወሪያ ከውስጥ ሳበ። መቆለፊያው ለእትዬ ቁልፍ ቀረ። ስትነካው ይሞቃል፤ እንደ ተኛ ሰው ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ዘይት በላባ እያጠጣች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «እሹሩሩ» እያለች በመንጠቂያዋ ነካ ነካ አደረገችው። ጠቅ አለ። በሩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ገርበብ አለ፤ ፋኖሱ ሸትቶት ይሁን በእሷ ጥበብ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አዳራሹን አልፈው የገቡበት የመጀመሪያው ክፍል በገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች የሞሉበት ነበር። ከአንሶላዎቹ መሃል አንዲት አጣቢ አሮጊት ብቅ አሉ። ጦጣው አፋቸውን ሊያፍን ሲዘል በእጃቸው አስቆሙት።

«ቀስ በል፤ የምጮህ ቢሆን ስትገቡ እጮህ ነበር። አናጺውን ፍለጋ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለች እትዬ ቁልፍ። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እዚህ ሰው አያረጅም፣ አይታመምም።» አሮጊቷ የእትዬ ቁልፍን እጅ አንስተው አሸተቱትና ፊታቸው ተለወጠ። «ብረት ብረት ትሸቻለሽ። ሚስቱ ነሽ ማለት ነው። እስካለፈው ክረምት ድረስ ካንቺ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስትስቂ አፍሽን በክንድሽ እንደምትሸፍኚ፣ ሲያንኮራፋ በእግርሽ እንደምትመቺው…»

«እስካለፈው ክረምት ማለት?»

አሮጊቷ እርጥቡን አንሶላ ጨመቁ። «ይህ ቤት ሰውን እህል አይደለም የሚቀልበው፤ ራሱ ነው የሰውየውን ትዝታ የሚበላው። ከቅርቡ ይጀምርና ወደ ኋላ እየሄደ ይበላል። በይ ሂጂ፣ ቤቱ ሳይነቃ። እኔን የሚፈልገኝ ሰው አልመጣም፤ ማን እንደሆነም ረስቼዋለሁና ብዙ አይከፋኝም።»

እትዬ ቁልፍ ነገሩ ገብቷት ነበር፤ እንዲገባት ግን አልፈቀደችም። እግሯ ወደ ፊት ሄደ።

በመጨረሻው ክፍል አናጺው ሳንቃ እየላገ ነበር። ፍቅፋቂው ጫማውን ሸፍኖታል። አንዲት ሽበት አልበቀለችበትም፤ የግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ትናንት የዳነች ትመስላለች። ቀና ሲል በመጀመሪያ ያየው ጦጣውን ነው።

«ጦጣ!» መላጊያውን ጥሎ ሮጠና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «አንተ ጦጣ! ምነው እንዲህ አረጀህ? ፀጉርህን ማን በላው?»

ጦጣው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አናጺው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ሌሎቹን ተመለከተ። ግንበኛውን አይቶ በትህትና አንገቱን ነቀነቀ። ሚጡን አይቶ ፈገግ አለ። ዓይኑ እትዬ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ልብሱን አራገፈ፤ የማያውቃት ትልቅ ሴት ፊት እንደቆመ ጨዋ ወጣት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍሉ አልተጠረገም። እርስዎም ከጦጣ ጋር ነዎት?»

እትዬ ቁልፍ ልትመልስለት ከንፈሯን አላቀቀች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትሰናዳ የኖረችው ንግግር ነበራት፤ በየማታው ታሻሽለው ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ለዚህ ሰው የምትሆን አላገኘችም።

«አዎ» አለች። «ከጦጣ ጋር ነኝ።»

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ወለሉ እንደ መንጠራራት አለ፤ ቤቱ ሊነቃ ነው። ሚጡ ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ መስቀያ አየችና ፋኖሱን ከፍ አደረገች። እትዬ ቁልፍ ግን ክንዷን ያዘች።

«ተይው» አለች በሹክሹክታ። «ተይው ሚጡዬ፣ ይዘሽው እንሂድ። አየሽው አይደል? እኔን አያውቀኝም። የእኔ የሆነው ሰው ተበልቷል። ላንቺ የተረፈው ይትረፍልሽ።»

«አክስቴ፣ ላንቺ ብዬ ብቻ የመጣሁ መሰለሽ?» ሚጡ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች። «እዚህ ያለው በእኔ ምክንያት ነው። ያንቺ ባይሆንም ሰው ነው። የቀረለትን የእናቱን ትዝታም ቤቱ እንዲበላበት ልተወው?»

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረችና ፊቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ አፍንጫውን፣ ሽበቱን፣ በላቡ ላይ የተለጠፈውን የድንጋይ አቧራ። «ጢምህን ተላጭ እሺ? እንዲህ ሆነህ አላስታውስህም» አለችው። ግንበኛው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ደህና አድርጋ እንድታየው። ሚጡ ፋኖሱን ሰቀለችው። ብርሃኑ ቤቱን ሞላው፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ እንደወጣች እጇ አየር መዳሰስ ጀመረ። አባቷ ያዛት።

አናጺው ደፍ ላይ ቆሞ ፋኖሱንና ልጅቷን እያፈራረቀ አየ። «ይህ የሆነው ለእኔ ነው?» አለ። «ምን አድርጌላት?»

ጦጣው በእጁ ጎትቶ አወጣው።

ከዚያ በኋላ አናጺው ጦጣው ቤት አረፈ። ሰው ሁሉን ነገረው፤ ሚስትህ ናት፣ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ኖራችኋል አሉት። አንድ ቀን ታጥቦ፣ የጦጣውን ሸሚዝ ለብሶ እትዬ ቁልፍ ሱቅ መጣ።

«ይንገሩኝ» አላት። «የት እንደተዋወቅን፣ ምን እንደምወድ… ከነገሩኝ ምናልባት ይመጣልኝ ይሆናል።»

እትዬ ቁልፍ ጀመረች። ዝናብ ሲጥል በር ላስጠግን ብሎ መምጣቱን፣ በሩም ምንም እንዳልነበረው፣ እሷን ለማየት ሆን ብሎ ማጠፊያውን እንደነቀለው ነገረችው። እሱ በጥሞና ይሰማል፤ ተረት እንደሚሰማ ሰው በቦታው ይስቃል፣ በቦታው ያዝናል። መሃል ላይ አቆመች።

«እሱን ሰውዬ ወደዱት?» አለ አናጺው በቅንነት።

«በጣም።»

«እኔም ወደድኩት» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ግን አላውቀውም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«አትዋሸኝ» አለችው። «እናትህ ጋ ሂድ። በሕይወት አሉ፤ ካንተ ወሬ ከጠፋ ጀምሮ በየዓመቱ መልእክት ይልካሉ። እሳቸውን ታውቃቸዋለህ።»

ጋሪ ላይ ተሳፍሮ በሄደበት ጠዋት እትዬ ቁልፍ የድሮ የአናጺነት ሳጥኑን መቆለፊያ ጠግና ሰጠችው። እጁን አንስቶ ተሰናበታት። ጋሪው ጥግ እስኪታጠፍ ቆመች። ዞር ስትል ግንበኛው ወገቡን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ጢሙን ተላጭቷል። ወደ ሰማይ አላየም።

«ነይ ቤት» አላት። «ልጅቷ ትጠይቅሻለች።»

ሚጡ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። የአክስቷን ኮቴ ሰምታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«አዝኖ ነበር?»

«እናቱን ሊያይ ቸኩሎ ነበር።»

«እንኳንም» አለች ሚጡ። ቀጥላም፣ «አክስቴ፣ በከንቱ ነው እንዴ የሰጠሁት? እውነቱን ንገሪኝ» አለች።

እትዬ ቁልፍ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ዘጠኝ ዓመት የታቆረው በአንድ ጊዜ ገነፈለና በክንዷ አፏን ሸፍና አነባች። ሚጡ እንባዋን ልትጠርግላት እጇን ዘረጋች፤ መጀመሪያ ጆሮዋን አገኘች፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን፣ ከዚያ ጉንጯን። ግንበኛው ከበሩ ቆሞ አያቸው። ገብቶ በእህቱ ሌላ ጎን ተቀመጠ።