ጥሬ ወተት

በላይነሽ ኩባያውን ከባሏ እጅ መንጭቃ ወሰደችው። ወተቱ ገና መታለቡ ነው፤ አረፋው እንኳ አልከሰመም።

«አብደሃል እንዴ ወልደሚካኤል? ሐኪሟ ትናንት ምን አለችህ?»

«ተሽሎኛል እኮ! ደግሞ የፈላ ወተት ምን ጣዕም አለው?»

ተሽሎኛል! ይህች ቃል አንጀቷን ታሳርራታለች። ክረምቱን ሙሉ ታይፎይድ ነው እየተባለ መርፌ ሲወጋ፣ ወገቡን እየቆረጠመው በላብ ተዘፍቆ ሲያድር ያስታመመችው እሷ ናት። በኋላ የደም ምርመራው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ መሆኑን አሳየ። ክኒኑን ጀመረና ትኩሳቱ ሲለቀው ተወው። ወዲያው አገረሸበት።

ሐኪሟ ዮዲ ትናንት እንደገና አስረዳችው። «ጋሼ፣ ጀርም የሚበሉ ሴሎች አሉን። ይሄኛውንም ይውጡታል፤ እሱ ግን አይሞትም። እዚያው ውስጣቸው ተደብቆ ይራባል። ተሻለኝ ብለው ሲያቆሙ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ መውሰድ አለብዎት። ጥሬ ወተት ደግሞ በፍጹም!»

እሱ ጡረታ የወጣ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ነውና፣ «ሌባው ዘበኛው ቤት ገብቶ ተኝቷል በይኛ!» ብሎ ስቆ ነበር። ቤት ሲደርስ ሁሉንም ረሳው።

«በሽታውን ከየት እንዳመጣኸው ታውቃለህ» አለችው በላይነሽ። «ላሟ ስትጨነግፍ ጽንሱን በባዶ እጅህ ጎትተህ ያወጣኸው አንተ ነህ። ወተቱንም ለሰው እየሸጥን ነው።»

«ቀስ በይ! ሰው ቢሰማ ማን ይገዛናል? በምን ልንኖር ነው?»

እውነቱን ነው። የእሱ ጡረታ የላሟን መኖ እንኳ አይችልም። ይህም ያናድዳታል።

በሩ ተንኳኳ። ማዶ ሱቅ ያላት ደንበኛቸው ሐጀራ ጠርሙሷን ይዛ ቆማለች።

«እትዬ በላይነሽ፣ ዛሬ ትንሽ ይጨምሩልኝ። ትንሹ ልጄ ምግብ እምቢ ብሎኝ ወተት ብቻ ነው የሚቀምሰው።»

«ምን ሆነብሽ?»

«እኔ እንጃ። ትኩሳቱ ለቀቀው ስል ይመለሳል። ማታ ማታ ያልበዋል። መድኃኒቱም አልያዘለትም።»

«ወተቱን ታፈይለታለሽ?»

«ኧረ! ኃይሉ እንዳይሄድ ብዬ እንዲሁ ነው የምሰጠው።»

ይህን ትኩሳትና ላብ በላይነሽ ታውቀዋለች። ዞር ስትል ወልደሚካኤል ዝም እንድትል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። ተናደደች፤ በእሱ ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬ ዝም ባለችው በራሷም ጭምር።

ጠርሙሱን አልተቀበለችም። ነጠላዋን ከማንጠልጠያው ላይ አወረደች።

«ሐጀራዬ፣ ላማችን ታማለች። ልጁን እዘይው፤ አብሬሽ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ምን ሲጠጣ እንደከረመ ለሐኪሟ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»