የንግሥቲቱ ከንፈር

የተገደለው ንጉሥ ገለባ ላይ ጋደም ብሎ ዳቦ በአይብ ይገምጣል። ደረቱ ላይ የተቀባው የውሸት ደም፣ በቀረጻ አዳራሹ የመስተዋት ጣሪያ በሚገባው የኮፐንሃገን ፀሐይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ቲራ ግን የንግሥቲቱን የሐዘን ልብስ ለብሳ እንደ ቆመች ናት። አረፍ እንድትል ቢለምኗትም እምቢ ብላለች፤ ንዴት ለያዘው ሰው ወንበር አይመችም።

እስከ ትናንት ድረስ፣ በሚቀርጹት ፊልም ላይ ንጉሡን በማደኛ ጎጆው ውስጥ የሚወጉት መኳንንት ነበሩ፤ አለቃቸውም የሮዘንሆልት ጌታ። አገር የሚያውቀው፣ በየመንደሩ የሚዘፈን ታሪክ ነው። ዛሬ ግን የፊልሙን ወጪ የሚሸፍነው የዚያ ጌታ ዘር፣ ባላባት ሮዘንሆልት፣ ካሜራው አጠገብ ተቀምጧል። ገዳዩም በአንድ አዳር ፈረስ ጠባቂ ሆኗል።

«የስንት መቶ ዓመት ነገር ነው እኮ፣ ቲራ» አለ አዘጋጁ ክሮግ፣ ላቡን እየጠረገ። «የሞተ ሰው አይከስም።»

«ስለማይከስ ነዋ የከሰሳችሁት!»

ባላባቱ ፈገግ አለ። «የኔ እመቤት፣ ድሃ ቢገድል ማን ይገረማል? ጌታ ሲገድል ያየ ሰው ግን የማይሆን ሐሳብ ያድርበታል።»

እሱ ስለሳቀ ሁሉም ሳቁ። ንጉሡ እንኳ ዳቦውን እንደ ጎረሰ ሳቀ።

ፈረስ ጠባቂውን የሚጫወተው ሽማግሌው ላውሪትስ፣ እጁን የኋሊት ታስሮ እግሯ ሥር ተንበርክኳል። አባቱም አያቱም በሮዘንሆልት መሬት ላይ በጭሰኝነት ያረጁ ሰው ነው።

«ተዪው ልጄ» አላት በሹክሹክታ። «ሲያላክኩብን ዛሬ አልጀመሩም። ይልቅ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ቶሎ ጨርሺልኝ።»

ስድቡን መልመዱ ከስድቡ ይበልጥ አቃጠላት። ልብሱን አውልቃ ልትሄድ አሰበች። ብትሄድስ? ነገ ሌላ ሴት ይህንኑ ለብሳ ትቆማለች፤ ጣቷንም በዚሁ ሽማግሌ ላይ ትቀስራለች።

ያን ጊዜ ታናሽ እህቷ ቦዲል ትዝ አለቻት። ቦዲል መስማት የተሳናት ናት። ዘመኑም ፊልም ገና አፉን ያልፈታበት ነበርና፣ ሲኒማ ስትገባ መጋረጃው ላይ የሚጻፈውን ትታ የተዋንያኑን ከንፈር ታነባለች። ስንቴ፣ «ሴትዮዋን አቅፎ እኮ ስለ ጥርስ ሕመሙ ነው የሚያወራት!» ብላ በእጅ ምልክት እየነገረቻት በሳቅ ገድላታለች።

«ጀምር!» አለ ክሮግ።

የካሜራው እጀታ መዞር ጀመረ። ቲራ ጣቷን ወደ ላውሪትስ ቀሰረች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ እስከ ትናንት በጽሑፉ የነበረውን ቃል ተናገረች፤ «ንጉሡን የገደለው የሮዘንሆልት ጌታ ነው።» ከራሷም፣ «ይህ ሰው ንጹሕ ነው» ብላ ጨመረች።

ላውሪትስ ቀና ብሎ አያት። የትናንቱን ቃል ያውቀዋልና ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቁም!» ክሮግ እየሮጠ መጣ። ቲራ የተነቃባት መስሏት ጣቷን አወረደች። አዘጋጁ ግን ሁለት እጇን ይዞ፣ «እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!» አላት።

ባላባቱም ተነሥቶ አጨበጨበ። «ይህን ፊት አገር ሁሉ በደንብ ሊያየው ይገባል። ካሜራውን አቅርቡላት!»

ሁለት ሰዎች ካሜራውን ተሸክመው ፊቷ ድረስ አመጡት። ቲራ ወደ ታች አየች። ላውሪትስ ጉልበቱን ረስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተንበርክኳል።

«በዝግታ ላድርገው?» ብላ ጠየቀች።

«በዝግታ» አለ ባላባቱ፣ ወንበሩን እየሳበ። «በጣም በዝግታ።»