ጸጥ ያሉት ስምንት ቀናት

ሰፊውን አገር በዓይኗ አይታው አታውቅም። ይሁን እንጂ ወደዚያ መቼ መሄድ እንደሚሻል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሥራዋ ነውና። በአሳታሚው ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ የአየር ጠባይ ዘገባና የባቡር ሰዓት ስታገላብጥ ትውላለች፤ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ «መቼ ልሂድ?» የሚለውን ምዕራፍ የምታዘጋጀው እሷ ናት። አገሩ ሲበዛ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጫፉ በረዶ ሲወርድ በሌላው ጫፉ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል። ስለዚህ ምዕራፉ ብቻውን አርባ ገጽ ይዟል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እትዬ ወቅት ይሏታል። የጎረቤት ሴቶች ሳይቀሩ ልብስ ከማጠባቸው በፊት ይዘንብ እንደሆነ ይጠይቋታል፤ እሷም ቀና ብላ ሰማዩን ሳታይ ትመልሳለች፣ ብዙ ጊዜም ትሳሳታለች።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ አሳታሚ አለ። እነዚያ ሰዎች ምዕራፏን በየዓመቱ ከነስህተቱ ገልብጠው፣ ቀይ ሽፋን አልብሰው ይሸጡታል። እንዲህ ያለውን ሌባ ለመያዝ በሙያው የቆየ ዘዴ አለ፦ ከእውነቱ መሀል የራስህን አንድ ውሸት ትሸጉጣለህ፤ ያቺ ውሸት በሌላው መጽሐፍ ላይ ስትገኝ ሰውየው ሌብነቱን በፊርማው አረጋገጠ ማለት ነው። ካርታ ሠሪዎቹ የሌለ ጎዳና ይሸጉጣሉ። የእሷ ድርሻ ወቅት ነውና ወቅት ሸጎጠች። በሰፊው አገር መሀል፣ በጋው አልቆ ዝናቡ ሳይገባ፣ «ጸጥ ያሉት ስምንት ቀናት» የሚባል ጊዜ አለ ብላ ጻፈች፤ ነፋስ ይቆማል፣ ሙቀቱም ብርዱም ልኩን ያገኛል፣ የባቡር ጣቢያው ጭር ይላል፣ ለጎብኚ ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠ ነው። አራት መስመር ብቻ ናት። ከምሳ በፊት ጽፋ ጨረሰቻት።

ምስጢሩን የሚያውቁት አለቃዋና ጋሼ ነጥብ የሚባሉት አዛውንት አራሚ ነበሩ። ጋሼ ነጥብ አራቱን መስመር ሁለቴ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አሏት።

የአራት መስመር ጉድጓድ ደግሞ ምን ያህል ይጠልቃል ብላ ሳቀች። ማዶኞቹም እንደታሰበው ገለበጡት። ጠበቃ መጣ፣ ተካሰሱ፣ በመጨረሻ ከእንግዲህ ከእናንተ አንዲት ቃል አንወስድም ብለው ፈርመው ተገላገሉ። የተሸጠው ተሸጧል ተባለና ውሸቷ በሁለቱም መጽሐፍ ላይ እንዳለች ቀረች።

ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ከአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነበር፤ ስምንቱ ቀናት እንደተባለው ናቸው፣ ነፋሱ ቆሟል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ሰውየው በራሱ ጊዜ የተታለለ መስሏት ሳቀችበት። ሁለተኛው ደብዳቤ ግን እሷ ያልጻፈችውን ጨምሮ መጣ፤ በጣቢያው ያሉት ውሾች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይተኛሉ ይላል። ሦስተኛውም ያንኑ የውሾች ነገር አነሳ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። ሦስቱም ደብዳቤዎች የተጻፉት በስምንተኛው ቀን ሲሆን፣ ሦስቱም ነገ እንመለሳለን ብለው ይጨርሳሉ።

ለአስተማሪው በቤቱ አድራሻ መልስ ጻፈችለት። የመለሰላት ልጁ ነበር። አባቴ ወደዚያ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልተመለሰም፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ስለ ፈጠረዎት ይንገሩኝ አለ። ወረቀቱን አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ምን ትበል? የፈጠርኩት ነው ብትል የድርጅቱ ምስጢር ነው፤ ደግሞም አፈረች። እውነቱን ለመናገር፣ ከምስጢሩ ይልቅ ሀፍረቱ በለጠባት።

ታናሽ እህቷ የመጣችባት በዚያው ሰሞን ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። አሁን ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ የሚኖሩትም አንድ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በሃያ የስፌት መኪና ጩኸት መሀል ስለምትቀመጥ ጆሮዋ እቤት ገብታም ይጮህባታል። የሦስት ዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ ሰፊውን አገር ልትጎበኝ ቆርጣለች። ታላቅየዋ በፊርማዋ የሰጠቻትን መጽሐፍ ገበታው ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን በአራቱ መስመር ላይ አሳረፈች።

«በዚህ ጊዜ አትሂጂ፤ ሌላ ወር ምረጪ» አለቻት ታላቅየዋ።

«ለምን?»

«እንዲሁ። ጥሩ አይደለም።»

«እትዬ፣ የጻፍሽው እኮ አንቺው ነሽ። ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠ ነው ብለሽ።»

ውሸት ነው፣ ከምሳ በፊት የፈጠርኩት ነው ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሷ ግን መጽሐፉን ከደነችው። ታናሽየዋ ለሰው ሁሉ መንገድ እያሳየሽ ለእኔ ሲሆን በር ትዘጊያለሽ ብላ ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ታላቅየዋ ከሥራ ስትመለስ የእህቷ ክፍል ባዶ ነበር።

ስምንቱ ቀናት አለፉ፤ ሌላ ሁለት ሳምንትም ተጨመረ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ።

«እትዬ፣ አትቆጪኝ» ይላል። «ደስ ይላል፣ ጆሮዬም አርፎልኛል። ብቻ ስምንተኛው ቀን መሽቶ ሲነጋ ደግሞ ስምንተኛው ቀን ነው። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ አሉ፤ መጽሐፉ አጀማመሩን እንጂ አጨራረሱን አልጻፈም ይላሉ። የጻፈችውን ሴት ባገኛት አንድ ነገር እጠይቃት ነበር አሉኝ። እህቴ ናት አላልኳቸውም። አፈርኩ።»

ደብዳቤውን እንደያዘች ደረጃውን ወረደችና ጋሼ ነጥብ ዘንድ ገባች፤ አዲሱ እትም ለኅትመት እየተሰናዳ ነበር። ሽማግሌው ደብዳቤውን አነበቡና ከአራቱ መስመር ሥር የአንድ መስመር ቦታ ከፈቱላት። እሷም «በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ዝናብ ይዘንባል፣ ባቡር ይመጣል፣ መንገደኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል» ብላ ጻፈች።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ የአስተማሪው ልጅ ስልክ ደወለ። አባቱ ልብሳቸው በስብሶ በር ላይ ቆመው ተገኝተዋል፤ ከሄዱ ከስምንት ቀን በላይ የሆናቸው አይመስላቸውም፣ ምሳ ደረሰ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ገቡ። እህቷ ግን አልመጣችም።

አስተማሪው ቤት ሄዳ ስለ ልብስ ሰፊዋ ጠየቀች። ሰውየው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር፤ ከመጡ ጀምሮ ጸጉራቸው አልደርቅ ብሏቸዋል።

«ባቡሩ ሲመጣ ከጎኔ ነበረች» አሏት። «እንግባ ብላት የምን ባቡር ትለኛለች። ዝናቡ እኔን ሲያበሰብሰኝ እሷን ጠብታ አልነካትም። በእኔ መጽሐፍ ላይ ያልነበረ አዲስ መስመር ወጥቶ አሳየኋት፤ የራሷን ገልጣ አየችና ‹በእኔ ላይ እንዲህ አይልም› አለችኝ። ቀይ ነው ሽፋኑ።»

እቤት ገብታ የእህቷን አልጋ ገለበጠች። በፊርማዋ የሰጠቻት መጽሐፍ ፍራሹ ሥር ተኝቷል። ልጅቷ በንዴት የእህቷን ጥላ የማዶኞቹን ይዛ ሄዳለች።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግራ የማዶኞቹን አለቃ ለመነችው። እባካችሁ አንድ መስመር ገልብጡ፣ ስጦታ ነው፣ አንከስም አለች። ሰውየው አዲስ ወጥመድ መሰለው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና።

«እመቤቴ፣ ፈርመናል» አላት በትሕትና። «ከእናንተ መጽሐፍ አንዲት ነጥብ አንወስድም።»

እስከ በሩ ድረስ ሸኛት።

በጋው ሲያልቅ ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፈተች። የራሷን አዲስ እትምና ከሱቅ የገዛችውን የማዶኞቹን ቀይ መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የራሷ ዝናብ አለው፣ ባቡርም አለው፤ እሱን የያዘ ሰው ይመለሳል። ግን እሱን ይዛ ብትሄድ እህቷ ያለችበት ቀን ውስጥ መቼም አትገባም። ፈራች። የራሷን መጽሐፍ በእህቷ ትራስ ላይ ትታ ቀዩን ያዘች፤ ኪሷ ውስጥ አንድ እስክሪብቶ ጨመረች። የጎደለውን መስመር የምትጽፈው እህቷን በእጇ ካስገባች በኋላ ነው።

ከባቡሩ ስትወርድ ነፋሱ ቆመ። ውሾቹ በጣቢያው ወለል ላይ ተኝተዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩት እሷ ወደወረደችበት በር ነበር። እህቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ በሄደችበት ልብስ ተቀምጣለች፤ ሹሩባዋ እንኳ አልተፈታም።

«መጣሽ፣ እትዬ» አለች ሳትደነቅ። «ዛሬ ስምንተኛው ቀን ነው።»

ታላቅየዋ የደረሰችው ግን በመጀመሪያው ቀን ነበር። አጠገቧ ተቀመጠች። የእህቷን እጅ በግራዋ አጥብቃ ይዛ፣ ቀዩን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ገልጣ፣ ከአራቱ መስመር ሥር ባለችው ጠባብ ክፍት ቦታ ላይ የዘጠነኛውን ቀን ዝናብና ባቡር ጻፈች። ስትጨርስ በዙሪያው የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ከውሾቹ አንዱ ብቻ ጆሮውን አነቃነቀ።

«ይዘንባል?» አለቻት ታናሽየዋ።

እትዬ ወቅት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ ሰማዩን አየች።