የዳቦ ጋጋሪው ደም

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ወንበሩ ካልበቃ ደረጃውም ያው ነው። የዳቦ ጋጋሪውንና የሚስቱን ነገር ልንገራችሁ። ረጅም አይደለም፤ ግን ቀስ ተብሎ የሚሰማ ነው።

ጋጋሪው ሞቶ ለቅሶ ቤት የገባው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ምድጃው ነበር። አንዱ፣ ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ እንዴት ይተርፋል ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከተደፈነ ቆይቷል፣ ባለቤቱ፣ የጋጋሪው አሠሪ፣ ግን ለማስጠገን እጁ አልተፈታለትም ይላል። የሟች ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ እታለም የሚላት፣ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች፣ «ወንድሜን ያ ጭስ በላብኝ» ትላለች ለመጣው ሁሉ።

ሚስቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰው ጸሎት መስሎታል። ጸሎትስ ጸሎት ነው፤ ጭሱ ይሁን፣ እባክህ ጭሱ ይሁን ነበር የምትለው። ለምን እንዲህ እንደምትል ለማወቅ ግን ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ።

ጋጋሪው ፊቱ ቲማቲም የመሰለ፣ ዓይኑ የቀላ፣ መዳፉ እንደ ሕፃን መዳፍ የቀላ ሰው ነበር። የሰፈሩ ሰው ትዳር ተስማማው ይል ነበር። የማያውቀው ደግሞ በጠዋቱ የቀመሰ ይመስለዋል። እሱ ይስቃል። «ዳቦው ሲበስል እኔም አብሬ እበስላለሁ፤ ምን ላድርግ» ይላል። ራሱን ሲያመው ሙቀቱ ነው ተባለ። ገላውን ሲያሳክከው ዱቄቱ ነው ተባለ። ጆሮው ሲጮህ የሊጥ ማሽኑ ነው ተባለ። ለሁሉም ምክንያት ስለተገኘለት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ጠፋ።

አንድ ቀን ደም የምትሰበስበው መኪና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ለቀልድ ብሎ ከነሽርጡ ገባ። ሲስተሯ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ጣል አደረገች። ደሙ ያነሰ ሰው ጠብታው ይንሳፈፋል፤ በቂ ደም ያለው ሰው ጠብታው ይሰምጣል። የጋጋሪው ጠብታ እንደ ጠጠር ወረደች።

«አንተማ ብረት ነህ» አለችው ሲስተሯ እየሳቀች።

ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሚስቱ፣ ከራሴ ላይ የዱቄት ጆንያ ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ አላት። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በመጣች ቁጥር፣ በፈቀዱለት ቁጥር፣ ይሰጣል። በሰጠ ሰሞን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ግቢውን ይዞራል። ሚስቱ ይህን ታያለች፤ ግን ከደሙ ጋር አላገናኘችውም። እንዴት ታገናኘው?

አንድ ጊዜ አብራው ሄደች። ከረጢቱ ሲሞላ አየች፤ ጥቁር የመሰለ፣ ወፍራም ደም። እቤት ገብታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ «ቀን እሳቱ ይመጥጥሃል፤ የተረፈውን ደግሞ አንተ በከረጢት ትሰጣለህ። በልጃችን ይዤሃለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትሰጥ» አለችው።

«እሺ» አለ እሱ፤ «ደሜም አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ።»

በልጁ ተይዞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። መኪናዋ ስትመጣ ከመስኮት እጁን እያወዛወዘ ያልፋታል። ክረምት ገባ፣ ወጣ። ራስ ምታቱ ተመልሶ መጣ። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ፍም ያቃጥሉት ጀመር። ማዕድ ላይ ሁለቴ ጎርሶ ሆዴ ሞላ ይላል። ሚስቱ፣ እጄ ሳይጥመው ቀርቶ ነው ብላ ምግቡን ስትለዋውጥ ከረመች። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ የሚያወጣበት ረጅም የእንጨት አካፋ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ዳቦው ተበተነ። ልልቀመው ብሎ ጎንበስ ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ።

ሆስፒታል የደም ሐኪሙ ግራ ጎኑን ከጎድኑ በታች ሲጫነው ጣፊያው አብጦ አገኘው። ሁለቴ ጎርሶ ሆዴ ሞላ የሚያሰኘው እሱ ነበር። ከዚያ፣ ሙቅ ውሃ ስትታጠብ ያሳክክሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋጋሪው ወደ ሚስቱ ዞረና በተጣመመ አፉ ሳቀ።

«እንግዲህ ይቅር በዪኝ» አላት። «ያንቺን ውሃ ስደፋው ነው የኖርኩት።»

ሁልጊዜ ከሥራ ሲገባ ውሃ አሙቃ ትጠብቀዋለች። ፍቅሯን የምትነግረው በዚያ ነበር። ሙቁ ውሃ ደግሞ ገላውን ጉንዳን እንደወረረው ያደርገዋል። እንዳይከፋት ብሎ መታጠቢያ ቤቱን ዘግቶ ሙቁን ቀስ አድርጎ ያፈሰዋል፤ በቀዝቃዛው ይታጠብና እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያለ ሙቀት ነው ይላታል።

ወዲያው ከክንዱ ደም ይቀንሱለት ጀመር። ያንኑ የመሰለ ከረጢት፣ ያንኑ ጥቁር ደም። ሚስቱ ይህ ለምንድነው አለች። ሐኪሙ፣ ደሙ በጣም ወፍሮ አንጎሉ ውስጥ ረግቷል፣ መድኃኒቱ መቀነስ ነው አላት። የአልጋውን ብረት ይዛ ነው የቆመችው።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳት። ለብዙ ዓመት ጭስ የሚስብ ሰው ደሙ ሊበዛ ይችላል። ደም የሚሠራው መቅኔ ራሱ ከመስመር ወጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዘረ መሉ ላይ ምልክት ይገኛል። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ናሙናው ሩቅ ተልኳል። ምልክቱ ከሌለ ጭሱን እንጠረጥራለን። ምልክቱ ካለ ግን መቅኔው ነው፤ ደም መቀነሱም ከጅምሩ የሚያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ውጤቱ ሳይመጣ ሌላ የረጋ ደም ሳንባው ገባ። በዚያው ሄደ።

አሁን ጸሎቷ ገባችሁ አይደል?

ሲስተሯ፣ ያቺው ጠብታ የምትጥለው፣ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሐኪሙ መምጣቷን ሰምቶ ቃሉን በሷ ልኮት ነበር። ሚስቲቱን ወደ ጓዳ ወስዳ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ውጤቱ መጥቷል፣ እህቴ።»

«ጭሱ ነው?»

«አይደለም። ምልክቱ ተገኝቷል። ጃክ ቱ የሚሉት የዘረ መል ለውጥ ነው።»

ሚስቲቱ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጇ ነው። ሲስተሯ፣ አብሮት የተወለደ ሳይሆን ካደገ በኋላ መቅኔው ውስጥ የመጣ ነው፣ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ አይተላለፍም አለቻት። ሚስቲቱ አመሰገነች።

«ሲሰጥ ቀለለኝ ይለኝ የነበረው እንግዲህ...»

«እኔም ጠብታው ሲሰምጥ እስቅ ነበር» አለች ሲስተሯ። «ያ ፈሳሽ የደሙን ማነስ እንጂ መብዛቱን አይናገርም። እኛም አልጠየቅነውም።»

ሚስቲቱ፣ በጊዜ ቢታወቅ ኖሮስ ብላ ጠየቀቻት። ባይድኑም ብዙ ዓመት ይኖሩበታል አለቻት፤ ብላም ምነው ባልተናገርኩ ያለች መሰለች።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። የተጠጋጋለት ሰው የለም። እታለም ኩባያውን ቁጭ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ወንድሜን ጠብሰህ ስታበቃ ልታስተዛዝነን መጣህ?» አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ፣ ነገ ላፈርሰው ነው አለ።

«አያፍርሱት» አለች ሚስቲቱ። «ምድጃው አይደለም።»

«ሐኪሙ ልኮብኛል። ጭስ አይደለም፣ መቅኔው ነው። መድኃኒቱም... እኔ ነኝ ያንን...»

ሳትጨርሰው እታለም ተነሥታ መጣችና አቀፈቻት። «አንቺማ ምን ያላደረግሽለት አለ» አለች እያለቀሰች። «ደሙን ለሰው ሲያፈስ በልጅሽ ይዘሽ ያስቆምሽው አንቺ አይደለሽም? አንቺ ባትኖሪ ያኔውኑ በቀበርነው።»

እውነት ነው አሉ ለቀስተኞቹ። እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይመጣል አሉ። ሲስተሯ ከበሩ ሆና አየቻት፤ ሚስቲቱ ዓይኗን አሸሸች። የቀረው ቃል አፏ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬም ያለው እዚያው ነው።

ሰዉ ሲሳሳ እታለም ውሃ አሞቀች። ለቅሶ ከተቀመጥሽ ገላሽን ውሃ አልነካውም፣ ነይ ብላ ባልዲውን መታጠቢያ ቤት ድረስ ተሸክማ ወሰደችላትና በሩን ዘጋችላት።

ሚስቲቱ እጇን እንፋሎቱ ላይ ያዘች። ከዚያ ባልዲውን ዘንበል አድርጋ፣ ድምፅ እንዳያሰማ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ቧንቧውን ከፈተች። ቀዝቃዛው ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ጥርሷ ተንገጫገጨ።

«ሞቀሽ?» አለች እታለም ከውጭ።

«እጅሽ ይባረክ» አለች። «እንዴት ያለ ሙቀት ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። እናንተም ወደየቤታችሁ ስትገቡ፣ ለምትወዱት ሰው ውሃ ስታሞቁ፣ እነዚያን ሁለቱን አስታውሱልኝ ልጆቼ።